ሠላሳ አንድ ሰው የሰጠው ብስክሌት

ኦሮላይ፣ ሰኔ 6 ቀን 1971

ለተወደድከው የወንድሜ ልጅ ለአንቲኔ፤

ሰላምታዬ የሰርዲኒያን ባሕር ተሻግሮ፣ የአልፕስን በረዶ ረግጦ፣ ቤልጅግ ያለህበት ደጃፍ ድረስ ይድረስህ። የኦሮላይ ጻድቃን ከክፉ አየርና ከክፉ አለቃ ይጠብቁህ። እኛ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነን። በጎቹም ደህና ናቸው። አባ ፊሊያም ደህና ናቸው፤ ስብከታቸው ግን እንደ በፊቱ ረጅም ነው።

ይህን ካልኩ ዘንድ ወደ ሐዘኑ እገባለሁ። የልጄ የቦቦሬ ብስክሌት ሞታለች።

ባለፈው ማክሰኞ ከነፋስ በር ተራራ እየተወረወረ ሲወርድ፣ ሦስተኛው ጥምዝ ላይ የሥጋ ሻጩ የፕሬዱ አሳማ ከነስምንት ልጆቿ አስፋልቱ መሃል ተጋድማ ጠበቀችው። መንገዱ የመንግሥት መሆኑን ማን ይንገራት። ቦቦሬ ወደ ሣሩ ዘለለ፤ ብስክሌቷ ግን ጉዞዋን ቀጠለች። የገደሉን ጥልቀት ታውቀዋለህ። እረኞች ከታች አንድ ፔዳል አግኝተዋል፤ የቀረውን ወንዙ ያውቃል። ልጁ ክርኑ ከመላጡ ሌላ ምንም አልሆነም። አሳማዋም አልነቃችም።

አትደንግጥ። እኔ የኦሮላይ ብስክሌተኞች ማኅበር ሊቀመንበር በሕይወት አለሁ። ማኅበራችን አንድ ተወዳዳሪና ስድስት የኮሚቴ አባላት ያሉት ጠንካራ ማኅበር ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰብን፤ እኔም ተነስቼ፣ እረኛ መንጋው በውርጭ ሲያልቅበት አባቶቻችን ምን ያደርጉ ነበር ብዬ ጠየቅሁ። እያንዳንዱ እረኛ አንዳንድ በግ ይሰጠውና መንጋው ይመለስለታል፣ ይህም ፓራዱራ ይባላል ብለው መለሱ። እንግዲያው የቦቦሬ መንጋ ብስክሌቷ ነበረች አልኩ። አጨበጨቡ። እያንዳንዱ ቤት ከብስክሌት አንዳንድ ነገር እንዲያመጣ ታውጇል።

ቦቦሬ እጅህን ይስማል። ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ ይጽፍልህ ነበር።

አጎትህ ባኪዚዮ ሙሩ፣ ሊቀመንበር


ሊዬዥ፣ ሰኔ 19 ቀን 1971

ለተከበሩ አጎቴ ባኪዚዮ፤

ከልብ የሆነ ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ጉልበትዎን እግዚአብሔር ያጥናልዎ። ምርቃትዎ ደርሶኛል። ከክፉው አየር አድኖኛል፤ ከአለቃዬ ግን ገና አላዳነኝም፤ የምጽፈውም በእሱ ጉዳይ ነው።

እንደሚያውቁት እኔ አሁን ከሰል መቆፈር ትቼ የአንድ የብስክሌት ቡድን ጠጋኝ ነኝ። የቡድኑ አለቃ ሙሴ ዴልኩር ዳገት የሚወጣ ሰው ይፈልጋል። የአጎቴ ልጅ እንደ ፍየል ነው የሚወጣው እያልኩ አሥራ አንድ ወር ጆሮውን በላሁት። ሦስት ዓመት ከመሬት በታች ስቆፍር እንኳ እንደዚህ ያለ ድንጋይ አልገጠመኝም። በመጨረሻ እሺ አለ። መስከረም 26 ለደሴቲቱ ውድድር ራሱ ይመጣል። ቦቦሬ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዎች ጋር ከገባ ቡድኑ ውስጥ ያስገባዋል። ካልገባ ሌላ ዕድል የለም፤ ሁለተኛ እንደማይመጣ በግልጽ ነግሮኛል።

ስለዚህ አጎቴ፣ ፓራዱራው ይቁም። ፓራዱራ ለበግ ነው። የፕሬዱ በግ ከእርስዎ በግ ጋር አብራ ትግጣለች። የፕሬዱ ፔዳል ግን ከእርስዎ ካቴና ጋር አይስማማም። ብስክሌት እኔ እፈልጋለሁ። ከእናንተ የምሻው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የቦቦሬ እግር ከብሽሽቱ እስከ ተረከዙ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ፣ እና ከራሱ ከቦቦሬ እጅ ሁለት መስመር።

አክባሪዎ አንቲኔ


ኦሮላይ፣ ሐምሌ 17 ቀን 1971

ለተወደድከው ለአንቲኔ፤

ጤናህ እንደ ተራራችን፣ ዕድሜህ እንደ ወይራችን ይሁን። መልሱ የዘገየው ፖስተኛው ስለታመመ፣ ከዳነም በኋላ ስለተቀየመ ነው። ደብዳቤህ የደረሰኝ የስጦታው ቀን ጠዋት ነው። ኪሴ ከተትኩትና ሥነ ሥርዓቱ ካለቀ በኋላ አነበብኩት። ስለዚህ ለማቆም የሚቻል ነገር አልነበረም።

አንቲኔ፣ ብታይ ታለቅስ ነበር። ሠላሳ ቤት ሠላሳ ነገር ይዞ መጣ። አጽሙን የቀድሞው፣ የሟቹ ፖስተኛ ሚስት ሰጠች፤ ብረት ነው፣ ዘመን የማይሽረው። የፊት ጎማውን አስተማሪው ከራሱ የውድድር ብስክሌት ነቅሎ አመጣው። የኋላውን ዳቦ ጋጋሪው ሰጠ፤ በሁለት ጣት ስለሚበልጥ ብስክሌቷ ቆማም ቁልቁለት የምትወርድ ትመስላለች፤ ይህም ተስፋ ይሰጣል። ቀኝ ፔዳል ከፕሬዱ፣ ግራው ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ደዋይ፤ የግራው ከእንጨት ነው። ፓራፋንጎ ሁለት። ዲናሞ ከነአምፖሉ። አባ ፊሊያ የቅዱስ ክሪስቶፎሮስን ምስል በብረት ላይ ሰጥተዋል። ብስክሌት ኖሮት የማያውቀው ሽማግሌው ኢስቴቬኔ የፍየል ቀንድ ጡሩምባ አመጣ። ፖርቶመጋላ አለ። ደወል ሦስት።

ሦስት ደወል ለምን ትለኝ ይሆናል። አንደኛው ደወል የፕሬዱ ጎረቤት የማሌና ነው። ማሌናና ፕሬዱ በድንበር ካብ ተጣልተው ሃያ ሦስት ዓመት አልተነጋገሩም። አሁን የእሷ ደወልና የእሱ ፔዳል በአንድ ብስክሌት ላይ ተገናኙ። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ፣ ፔዳልህ አይንጫጫም ወይ ብላ ጠየቀችው፤ እሱም ቅባት ቀብቼዋለሁ አላት። ሰው ሁሉ ቆሞ ሰማ። ደወሏ ከወረደች ፔዳሉ ይወርዳል፤ ፔዳሉ ከወረደ ቢላዋ ይወጣል።

በበግ ሚዛን መዘንናት። ሃያ አንድ ኪሎ ከግማሽ ናት። ሰዉ አጨበጨበ፤ ለበግ ቢሆን ደህና ክብደት ነው።

ቦቦሬ በደስታ ተውጧል። ዞር ዞር ብሎ ካያት በኋላ፣ «አባዬ፣ ዳገቱን ስወጣ እሷ ትሸከመኛለች ወይስ እኔ እሸከማታለሁ?» አለኝ። ቀልድ የሚወድ ልጅ ነው።

የእግሩን ርዝመት ጠይቀሃል። የሙሩ ዘር እግር ነው፤ አያትህን አስታውስና አንድ ጣት ጨምርበት። ለጡሩምባው የሚሆን አሥራ ሁለት ቁጥር ብሎን ብትልክ ማኅበሩ ደስ ይለዋል።

አጎትህ ባኪዚዮ፣ ሊቀመንበር


ሊዬዥ፣ ሐምሌ 28 ቀን 1971

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላም ለእርስዎ፣ ሰላም ለበጎቹ፣ ሰላም ለፖስተኛውም። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ቆሜ አነበብኩት። ጓደኞቼ ፊቴን አይተው ማን ሞተብህ አሉኝ።

የእኛ ተወዳዳሪዎች የሚነዱት ብስክሌት ዘጠኝ ኪሎ ተኩል ነው። አንድ ሰው መቶ ግራም ልቀንስ ብሎ የፔዳሉን ክዳን ሲቦረቡር ውሎ ያድራል፤ የእርስዎ ልጅ ደግሞ ጡሩምባ ይዞ ይወጣል። ዲናሞው በእኩለ ቀን ለማን ያበራል? ፖርቶመጋላውስ ላይ ማን ይቀመጣል፣ ኮሚቴው?

ማሌናና ፕሬዱ በመታረቃቸው ደስ ብሎኛል። ለመታረቅ ግን የቦቦሬ ጀርባ ለምን አስፈለጋቸው?

አሁን ይስሙኝ። በምሳ ሰዓቴ፣ በየቀኑ፣ አምስት ሳምንት ሙሉ አንድ ብስክሌት በገዛ እጄ ገጣጥሜአለሁ። ሰማያዊ ነው። ዘጠኝ ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም። የኮርቻውን ከፍታ የአያቴን እግር አስታውሼ ነው የለካሁት፤ እግዚአብሔር ይርዳኝ። ዛሬ በባቡር ተጭኗል፤ ከዚያ በመርከብ ኦልቢያ ይደርሳል። የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፦ ከሳጥኑ ያውጡትና ለቦቦሬ ይስጡት። ስብሰባ አይጥሩ።

ብሎኑን አልላክሁም። ቦቦሬ ሁለት መስመር ይጻፍልኝ።

አክባሪዎ አንቲኔ


ኦሮላይ፣ ነሐሴ 30 ቀን 1971

ለተወደድከው፣ ለተመሰገንከው፣ እጁ ለተባረከው ለአንቲኔ፤

የሰጠህ እጅ አይንጠፍ፤ ያሰብከው ይሙላ። መልሱ የዘገየው በእመቤታችን በዓል ምክንያት ኮሚቴው ስላልተቀመጠ ነው።

ብስክሌትህ በአሥራ አንደኛው ቀን ደረሰ። ሳጥኑ ሲከፈት ሴቶች አማተቡ። አንጥረኛው በሁለት ጣቱ አነሳው፣ መልሶ አስቀመጠው፣ ሄዶ ግድግዳ ላይ ተደገፈ። እኔ እንዳዘዝከኝ ስብሰባ አልጠራሁም። ሰዉ ራሱ ተሰብስቦ ነበርና፣ ለመክፈት ብቻ ነው የተናገርኩት።

ያን ጊዜ ሽማግሌው ኢስቴቬኔ በትሩን መሬት ላይ አኖረ። ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው፤ ሲናገር ውሻ እንኳ ዝም ይላል። እንዲህ አለ፦

«በፓራዱራ አንድ እረኛ አንድ በግ ይሰጣል። ሁለት የሰጠ ይመካል። መንጋ ሙሉ የሰጠ ግን የጎረቤቶቹን በግ ሁሉ አረደ።»

እውነት ነው፣ አንተም ታውቀዋለህ፤ ቤልጅግ አስረስታህ ካልሆነ በቀር። ሟቹ ፖስተኛ ሃያ ዓመት የነዳው ብረት እዚያው ቆሞ እያየን፣ ያንን ሰማያዊ ነገር እንዴት ብለን እንቀበል? ሚስቱም ቆማ ነበር።

ስለዚህ ኮሚቴው ከስጦታህ የአንድ ሰው ድርሻ እንዲወሰድ በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ ኮርቻውን ወሰድን። እንዴት ያለ ኮርቻ ነው! አሁን ብስክሌቷ ላይ ተቀምጧል፤ አንተም ሠላሳ አንደኛው ሰጪ ተብለህ በማኅበሩ መዝገብ ገብተሃል። የቀድሞው ኮርቻ ባለቤት እንዳያፍር ኮርቻውን ፖርቶመጋላው ላይ አስረነዋል።

የቀረው ብስክሌትህ በክብር ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል፤ ወደፊት ብስክሌት የሚጠፋበት ሰው ሲገኝ ይወጣል። ቁልፉ አባ ፊሊያ ዘንድ ነው። እሳቸው ወደ ሮም ለመሳለም ሄደዋል፤ መስከረም 29 ይመለሳሉ።

ቦቦሬ ውሳኔውን ሲሰማ ወጥቶ ወደ ተራራው ሄደ። ደስታ ሲበዛበት እንዲህ ነው። ለውድድሩ ቀን የፎቶግራፍ ፊልም ብትልክልን መልካም ነው፤ ባለቀለሙን።

አጎትህ ባኪዚዮ፣ ሊቀመንበር


ሊዬዥ፣ መስከረም 7 ቀን 1971

አጎቴ፤

ሰላምታዬን አሳጥሬዋለሁ፤ ለሚቀጥለው ነገር ቦታ ስለሚያስፈልገኝ።

ኮርቻ ላይ ይቀመጡበታል እንጂ ዳገት አይወጡበትም። አምስት ሳምንት ምሳ ያልበላሁት ለኮርቻ አይደለም።

ውድድሩ 26 ነው፤ ቁልፉ 29 ይመጣል። ይህን የቀን ሂሳብ ከስድስቱ የኮሚቴ አባላት አንዱ እንኳ አልሠራውም? ሙሴ ዴልኩር የመርከብ ቲኬቱን ቆርጧል። ልጁ በምን ዓይነት ብስክሌት ነው የሚወዳደረው ብሎ ጠየቀኝ። ልዩ ነው አልኩት። ፊቱን ሳላይ ነው የመለስኩት።

ያንን ቁልፍ ስበሩት። ኃጢአቱ በእኔ ላይ ይሁን። ፊልም አልላክሁም።

ደግሞ እጠይቃለሁ፦ ከአሥር ሰዎች ውስጥ መግባት እንዳለበት ቦቦሬ ያውቃል? ነግረውታል? ለምንድነው አንድ ቃል የማይጽፍልኝ?

አንቲኔ


ኦሮላይ፣ ጥቅምት 2 ቀን 1971

ለተወደድከው ለአንቲኔ፤

የተቆጣን የሚያበርድ፣ የተጣላን የሚያስታርቅ አምላክ ልብህን ያለዝብልህ። ያለፈውን ደብዳቤህን ለኮሚቴው አላነበብኩትም፤ ስላንተ ክብር ብዬ ነው። የቤተ ክርስቲያን ቁልፍ አይሰበርም። ሆኖም ከውድድሩ በፊት በነበረው ዓርብ የዕቃ ቤቱ በር በብረት ተፈልፍሎ አግኝተነዋል። በሩ የወይራ ያህል ጠንካራ ነውና አልተከፈተም። ሌባ ከሌላ ቀበሌ መጥቶ ይሆናል ብለናል። በማግስቱ የቦቦሬም መዳፍ ተልጦ ነበር፤ እሱ እንጨት ሲፈልጥ ነው።

አሁን ስለ ውድድሩ። ዘጠና አራት ሰዎች ከሜዳው አገር ተነሱ። በእኛ መንደር አልፈው፣ የነፋስ በርን ወጥተው፣ በወዲያኛው በኩል ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ። ሰጪው ሁሉ በየጥምዙ ቆመ፤ አንተና ሮም ያሉት አባ ፊሊያ ብቻ ጎደላችሁ። ቦቦሬ ሲመጣ ከማየታችን በፊት ሰማነው።

ማሌና «ደወሌ መጣች» ብላ እልል አለች። ፕሬዱ ከጎኑ እየሮጠ፣ «ግራውን ተወው፣ ቀኙን ርገጥ፣ የኔን ርገጥ» ይላል። ኢስቴቬኔ ጡሩምባው እንዲነፋለት በበትሩ ምልክት ሰጠ፤ ቦቦሬ ግን እጁ አልቦዘነም። ሃያ ዘጠኝ ሰው የሃያ ዘጠኝ ዕቃ ስም ተጣራ። የቦቦሬን ስም የጠራ አላስታውስም፤ ሁሉም ስለሚያውቀው መጥራት አላስፈለገም።

የነፋስ በር አናት ላይ ስንተኛ ሆኖ እንደደረሰ ታምናለህ? ዘጠነኛ። በዚያች በግ፣ ዘጠነኛ። ባርኔጣዬን ገደል ወረወርኩት።

አናቱን እንዳለፈ አንድ ራይሞንዶ የሚባል የሜዳ ልጅ ጠጠር ላይ ወድቆ አገኘው። የፊት ጎማው እንደ ቂጣ ተጣጥፏል፤ ረዳት መኪናው ሩቅ ነው። ቦቦሬ ቆመ። ወረደ። የራሱን የፊት ጎማ ፈታና ሰጠው። አንቲኔ፣ ማንም አልነገረውም፤ ማንም አልጠየቀውም። ተሰጥቶት ነበርና ሰጠ። በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ያለቀስኩትም በዚሁ ዓይኔ ነው። ኢስቴቬኔ አሁን ብሞት አይቆጨኝም አለ፤ እስካሁን ግን አልሞተም።

የሜዳው ልጅ ሰባተኛ ገባ። ቦቦሬ የቀረውን ብስክሌት ተሸክሞ በእግሩ ወርዶ መጨረሻ ገባ፤ ዳኞቹ ጠረጴዛ እያጠፉ ነበር።

አለቃህ ሙሴ ዴልኩር ከውድድሩ በኋላ በመኪና ወደ መንደራችን ወጥቶ ነበር። ወፍራም ሰው ነው፤ ላቡን በትልቅ መሐረብ ይጠርጋል። የኛን ቋንቋ ይሰብረዋል እንጂ ይናገረዋል። ስለ ፓራዱራ ንግግር ላደርግለት አዘጋጅቼ ነበር፤ እሱ ግን መንገድ ዳር ካብ ላይ ከቦቦሬ ጋር ሩብ ሰዓት ተቀምጦ ሄደ። ምን እንደተባባሉ ቦቦሬ አልነገረኝም።

አሁን የሚጎድለን አንድ የፊት ጎማ ብቻ ነው። አንተ ድርሻህን ስለሰጠህ፣ ከሌላ ሰው ብታፈላልግልን ይመረጣል።

አጎትህ ባኪዚዮ፣ ሊቀመንበር


ሊዬዥ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1971

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደክሞኛል እንጂ አልተቆጣሁም።

ሙሴ ዴልኩር ተመልሷል። ሦስት ቀን ስለ ደሴቲቱ አንድ ቃል አላነሳም፤ እኔም ዓይኑን ሸሽቼ የጎማ ራጂ ሳጠብቅ ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን መጥቶ አጠገቤ ቆመና፣ ያ ልጅ ጎማውን ለምን የሰጠ ይመስልሃል አለኝ። ምን ላድርግ፣ እንደ እርስዎ ሆንኩ። መፍቻዬን አስቀምጬ ስለ ውርጩ፣ ስለ እረኛው፣ ስለ በጎቹ፣ ተሰጥቶት ስለሚሰጥ ሰው ግማሽ ሰዓት ሰበክሁለት።

ጨርሼ ቀና ስል፣ «እሱ እንደዚያ አይደለም ያለኝ» አለ። ምን አለህ ብዬ ብጠይቀው እየሳቀ ወጣ።

አጎቴ፣ በአራት ወር ውስጥ በጻፍኩት ደብዳቤ ሁሉ የቦቦሬን ሁለት መስመር ለምኛለሁ። ደስ ብሎታል፣ ሥራ በዝቶበታል፣ ቀልድ ይወዳል ይሉኛል። በዚህ ፖስታ ውስጥ ሌላ ትንሽ ፖስታ አለ፤ ላዩ ላይ የቦቦሬ ስም ተጽፏል። እባክዎን አይክፈቱት።

አንቲኔ


ከቆላው ከተማ ፖስታ ቤት፣ ጥቅምት 21 ቀን 1971

አንቲኔ፤

ደህና ነኝ። ፖስታህን አባዬ ከፍቶ፣ አንብቦ፣ አስተያየቱን ጨምሮ ሰጠኝ። ይህንን ግን እዚህ ቆሜ ስለምጽፈው አያነበውም። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ጽፌልህ ነበር። እኔ ከራሴ ደብዳቤ ጋር አደርስልሃለሁ እያለ አባዬ ይወስዳቸዋል። ደርሰውህ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አትጨቃጨቁም ነበር።

ከአሥር መግባት እንዳለብኝ አውቃለሁ። የነገረኝ አባዬ አይደለም፤ ደብዳቤህን ከኪሱ ሰርቄ አነበብኩት።

ጎማውን በባህል አልሰጠሁም። ዳገቱን ሁሉ ደወሌ፣ ፔዳሌ፣ ጡሩምባዬ ሲባል እየሰማሁ ወጣሁ። ራሴን ከሠላሳ አንድ ሰው ዕቃ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ኮርቻህ ጥሩ ነበር፤ ግን እሱም ያንተ ነው። ያ ሰው ወድቆ ሳየው መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ተገላገልኩ የሚል ነው። ጎማውን ስፈታ እጄ የተቻኮለው ለዚያ ነው። እነሱ ደግነት መሰላቸው፤ ማሌና መሬት ሳመች።

ለዴልኩር ይህንኑ ነገርኩት። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከዚያ ብስክሌቷን ራሱ ሊያነሳት ሞከረ፤ ሁለተኛ አልሳቀም። ከአሥር አልገባህምና ቡድን ውስጥ አላስገባህም፣ ግን በዚህ ነገር ዘጠነኛ የወጣ ሰው መጥቶ አንድ ክረምት ይሞከር አለኝ። ሙከራ ብቻ ነው። ሊቀር ይችላል። እመጣለሁ አልኩት።

ለአባዬ ትናንት ነገርኩት። መስኮቱ ጋ ሄዶ ተራራውን አየ። ከዚያ፣ «ረቡዕ ኮሚቴውን እጠራለሁ፤ ከኦሮላይ ማንም ባዶ እጁን አይወጣም» አለኝ። ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ እኔም ሳልወድ በግድ አቀፍኩት።

ስለዚህ የምወጣው ማክሰኞ ነው። ዓርብ ጠዋት ባቡር ጣቢያ ጠብቀኝ።

ደግሞ ስደርስ ብስክሌት እንዳትሰጠኝ። አከራየኝ።

ቦቦሬ